የጋሽ ሸዋንግዛው ጠፍር

ጋሽ ሸዋንግዛው ረዳታቸውን ክብሩን ከጠረጠሩት ሰንብቷል። ሐይቅ ዳር ባለችው ፀጉር ቤታቸው ሁለት ወንበር አለ፤ አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የክብሩ። ክብሩ በቶንዶስ ይሠራል። እሳቸው ግን ጺም የሚላጩት በድሮው ታጣፊ ምላጭ ነው፣ ግድግዳው ላይ በተንጠለጠለ የቆዳ ጠፍር እየሳሉ። ለክብሩም የምላጭ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ አሁን አሁን ይኼ ነገር ያንገበግባቸዋል።

ምላጩ ሰው መቁረጥ ጀምሯል። አንዱ ጉንጩን፣ ሌላው አንገቱን እየተቆረጠ ደንበኛው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ክብሩ ወንበር ዞረ። የቀሩት የዩኒቨርሲቲው መምህር ፋሲል ብቻ ናቸው። እሳቸውም ባለፈው ቅዳሜ አገጫቸው ስር ሲደሙ ሶፍት ጫን አድርገው፣ «ጋሼ፣ በሚቀጥለውም እንዲህ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔም መዛወሬ ነው» አሉ። መምህር ፋሲል ከሄዱ ምላጩን ሰቅሎ ቤት መግባት ነው፣ ሌላ ምን ቀረ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ጥፋቱ የጠፍሩ ነው አሉ። ደርቋል፣ ጠርዙ ላይ ተሰነጣጥቋል። ጠፍር ደግሞ ዝም ብሎ አይደርቅም፤ ፀሐይ ላይ ያሰጣው ሰው አለ። ማን? የእሳቸው ወንበር ባዶ ሲሆን የማን ወንበር ነው የሚሞላው?

«ቅቤ ቢጤ ቢቀቡትስ?» አላቸው ክብሩ ወለሉን እየጠረገ።

ክብሩን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ጾም ነው። መምህር ፋሲል በጾም ወተት የነካው ማንኪያ እንኳ የማያስጠጉ ሰው ናቸው፤ ምላጩ ደግሞ ከንፈር ስር ያልፋል። ቅቤ በጠጣ ጠፍር የተሳለ መሆኑን ቢሰሙ ሳሙናቸውን ሳያስጠርጉ ነው የሚወጡት። ክብሩ ፕሮቴስታንት ነው፣ ይኼን ጾም አይጾምም፤ ግን አያውቅም ማለት አይደለም። ጋሽ ሸዋንግዛው በሆዳቸው «አወቅኩህ» አሉት።

ለማንም ሳይናገሩ የኑግ ዘይት ገዙ፤ የጾም ነው፣ ማንም አፉን አይከፍትበትም። ጠፍሩን ጠቅልለው ቤታቸው ወሰዱና በደንብ አሹት። በማግሥቱ ጠፍሩ እንደ ሙጫ ሆኖ ተገኘ፤ አቧራው፣ ፀጉሩ፣ ያገኘው ሁሉ ይጣበቅበታል። ምላጩም ሲሳል እየተጎተተ አስቸገረ።

«እሱ ልጅ ምን አደረገህ?» አሏቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ሂሩት። «ስትታመም ቤቱን ከፍቶ የሠራልህ እሱ አይደለም እንዴ?»

«ቁልፉን ያኔ አስቀርጾ ቢሆንስ?»

ወይዘሮ ሂሩት ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ጓዳ ገቡ።

ጋሽ ሸዋንግዛው የኑጉን ዘይት በቢላ ጀርባ ሲፍቁ ክብሩ አያቸው። ወደ ቶንዶሱ ተመለሰ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ትንሽ ጠርሙስ ይዞ መጣ።

«የጉሎ ዘይት ነው። አጎቴ ኮርቻ ሲሠራ ቆዳውን የሚያሸው በዚህ ነው። አይጣበቅም። የጾምም ነው።»

የጾም ነው ማለቱ ይበልጥ አስደነገጣቸው። ስለ ጾሙ ለእሱ ትንፍሽ አላሉም፤ ታዲያ የልባቸውን ከማን ሰማ?

«የጉሎ ፍሬ ከብት ይገድላል» አሉ።

«ፍሬው እንጂ ዘይቱ ምን አደረገ፣ ጋሼ?»

አሸተቱት። ክንዳቸው ላይ ጠብ አድርገው ጠበቁ፤ አላሳከካቸውም። ጠፍሩን ቀቡት፤ ቆዳው ለሰለሰ። ይኼም አልዋጥ አላቸው።

«እንግዲያው መምህር ከመምጣታቸው በፊት አንተ ትላጭበታለህ» አሉት።

«እሺ» አለና ክብሩ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንገቱን ወደ ኋላ ጣል አደረገ። «እርስዎ ይላጩኝ።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ሳሙናውን ቀቡት፣ ምላጩን ሳሉ። የጠፍሩ ድምፅ የድሮው ነበር። ክንዳቸው ላይ ሲሞክሩት ፀጉሩ ሳይጎተት ረገፈ። ደስ አላቸው፣ መደሰታቸውም አናደዳቸው። ጉንጩን ላጩ፤ ምላጩ ምንም ሳይይዝ ወረደ። ወደ አንገቱ አለፉ። አገጩ ስር ሲደርሱ ነጩ ሳሙና ቀላ።

ክብሩ አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ ሸዋንግዛው ምላጩን ወደ ብርሃኑ አነሡት፤ እንከን የለውም። ያኔ ጣቶቻቸውን አዩ። ይንቀጠቀጣሉ። ከዚህ በፊትም አይተዋቸው ነበር፤ የሐይቁ ብርድ ነው ብለው አልፈውታል። ዛሬ ብርድ የለም። ቀና ሲሉ ክብሩም በመስታወቱ ውስጥ እጃቸውን እያየ ነበር። አልገረመውም። ቶሎ ዓይኑን ሰበረ።

«ዘይቱ ነው ጋሼ» አለ ሶፍት አንገቱ ላይ ጭኖ። «ጠፍሩ ገና አልጠጣውም። ትንሽ ቀን ይስጡት፣ ይስተካከላል።»

ሳምንቱን ሙሉ ውሸቱን ሲያድኑ የሰነበቱት ሰው አሁን አገኙት። ክብሩ ፊታቸው ላይ ቁጭ ብሎ፣ እየደማ፣ ዋሻቸው። እሺ ቢሉት ምላጩ በእጃቸው ይቆያል፤ ማንም ምንም አይልም።

በሩ ላይ መምህር ፋሲል «እንደምን አደራችሁ» ሲሉ ተሰማ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ምላጩን በአልኮል አጥበው አጠፉትና ክብሩ መዳፍ ላይ አስቀመጡት።

«መምህርን አንተ ላጫቸው» አሉት። «አገጫቸው ስር ቀስ በል። እኔ ነኝ ያቆሰልኳቸው።»