ሠላሳ ስድስት ከግማሽ

ካቦ አዛናው የትኩሳት መለኪያዋን ከያረጋል ብብት መዘዘና ወደ ፀሐይ አዙሮ አነበበ። ሠላሳ ስድስት ከግማሽ። አራገፋትና መልሶ ሸጎጣት። ያው ሠላሳ ስድስት ከግማሽ።

"ደህና ነው እያለች እኮ ነው" አለ መዝገብ ያዡ ሙሐመድጣሂር።

"ትናንት እየቃዠ የእናቱን ላሞች ከመንገዱ ሲያባርር ነው የዋለው። የት ያሉ ላሞች?"

"ትናንት አለፈ። ካሚዮኑ ሠላሳ ስምንት ያልሞላ አይጭንም።"

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ከገንዳ ውሃው የመንገድ ሥራ በሽተኛ ወደ ጎንደር የሚወስደው ካሚዮን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነበር የሚመጣው። የያረጋል ንዳድ ደግሞ ቀን እየዘለለ ይመጣል፤ ዛሬ ይተወዋል፣ ነገ ይጥለዋል። አዛናው በግራ ጎኑ ሥር ሲዳስሰው ጣፊያው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ካሁን በኋላ አንዴ ከጣለው እንደማይነሳ ሆዱ ነግሮታል።

ሆዱን የሚያምንለት ግን የለም። ባለፈው ወር ውባንተ የሚባል ድንጋይ ፈላጭ ግንባሩን እሳት ዳር አሙቆ ሲመጣ፣ አዛናው ዳሰሰና "ይህ ሰው ነዷል" ብሎ ሦስት ቀን አስተኛው። ውባንተ ድንበር ማዶ ገላባት ገበያ ሙጫ ሲሸጥ ተገኘ። ጣሊያኑ አለቃ መለኪያዋን ያመጣት ያኔ ነው። "እጅህን ለአካፋ ተወው፤ ሁለተኛ ብትሳሳት ካቦነትህ ይቀራል" አለው።

"ካቦ፣ ግድ የለዎትም" አለ ያረጋል። "ዛሬ ደህና ነኝ። ድንጋዬን ልሸከም።"

"ዝም በል። የሚያናድደኝ ዛሬ ደህና መሆንህ ነው።"

የካሚዮኑ ሞተር ተነሳ። ሙሐመድጣሂር ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እኔ ውዱእ ላደርግ ዘወር ልበል። እሷን ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ ቢያሳርፏት አርባ ትገባለች።"

"እሱማ የውባንተ ሥራ ነው።"

"ታዲያ ልጁ ይቅር?"

አዛናው መለኪያዋን አያት። አልዋሸችም፤ የተጠየቀችውን መልሳለች፤ ይኸው ነው ያበገነው። ብዕሩን ከሙሐመድጣሂር ተቀበለና በያረጋል ስም ትይዩ፣ ቁጥር በሚገባበት ቦታ፣ "በእጅ" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ስሙን አኖረ።

"ይኼን ለአለቃው በጣሊያንኛ ምን ብዬ ላንብብለት?"

"እንዳለ አንብብለት" አለና ያረጋልን በክንዱ ደግፎ ወደ ካሚዮኑ ወሰደው።