ሳይነሳ የቀረው የደካ ነገር

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ማርቲ ጓንቷን እያወለቀች ነገሩን ቀለል አድርጋ ነበር የነገረቻት፤ የብልት ኪንታሮት ነው፣ በቫይረስ ይመጣል፣ በግንኙነት ይተላለፋል፣ መድኃኒት ሲቀባ ይረግፋል። ውባየሁ ግን «በግንኙነት» ከሚለው ቃል ወዲያ ያለውን አልሰማችም።

«እኛ እኮ በተክሊል ነው የተጋባነው» አለች። ተክሊል የሚደፋው ለድንግሎች ብቻ መሆኑን ቦንጋ ውስጥ የማያውቅ የለም። «ከሠርጉ በፊትም ተመርምረናል፤ ሁለታችንም ነፃ ነን።»

«የተመረመራችሁት ኤችአይቪ ነው። ያ ምርመራ ይሄንን አያሳይም።» ሲስተር ማርቲ ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። «ስሚኝ፣ የኔ እህት። ይሄ ቫይረስ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሰው ላይ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ያለበት ሰው ራሱ ላያውቅ ይችላል። ባለቤትሽ ይምጣና እናማክረው። ኪንታሮቱ ረግፎ እስኪድን ግንኙነት ይቅርባችሁ። ከዚያ በኋላም ኮንዶም ሙሉ በሙሉ ባይከላከልም ይረዳል። ታናሽ እህት አለሽ?»

«ሶሲ አለች። ስድስተኛ ክፍል ናት።»

«ትምህርት ቤት የሚሰጠው የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ከዚህም ይጠብቃታል። እንዳያመልጣት።»

ያን ቀን ማታ ለዮናታን ነገረችው። ዮናታን የዞን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ስለ ንጽሕና ያስተምራል። ፊቱ አመድ መሰለ። ሳይጠየቅ «ደካ» አለ። እሷን ከማወቁ በፊት ደካ ተመድቦ ሲሠራ አንዲት ሴት ነበረች። ለነፍስ አባታቸው ግን ድንግል ነኝ ብሎ ነው ተክሊል የደፋው። የደም ምርመራው ነፃ ነህ ሲለው ከዚያም ነገር ነፃ ያወጣው መስሎት ነበር። እንደሱ የመሰለው ስንቱ ይሆን!

«ለእማዬ እኔ ራሴ እነግራታለሁ» ብሎ ውባየሁ እግር ላይ ወድቆ አለቀሰ። «ጊዜ ስጪኝ ብቻ።»

አዘነችለት። ምን ይባላል፣ እሷ ታማ ለሱ አዘነች።

መድኃኒቱ የነካው ቦታ እየተላጠ ይደማ ጀመር። ደም የሚፈሳት ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ስለዚህ ውባየሁ እሑድ እሑድ ቅጥሩ ሥር ጃንጥላ ይዛ ትቆማለች። ዮናታን ውስጥ ሆኖ ይዘምራል። በተክሊል ያገባች ሙሽራ ከባሏ ጋር አለመቁረቧ ከሰው ዓይን አይሰወርም። አማቷ እትዬ አፀደ የምእመናኑ አስተያየት አንገበገባቸውና አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቋት። ውባየሁ የበሽታውን ስም ነገረቻቸው። «የቀረውን ዮናታን ይንገርዎት» ብላ ተወችው። የቀረው የእሱ ነው ብላ አመነች፤ ጥፋቷ ይኸው ነው።

ዮናታን ግን ሳይናገር ሰነበተ፤ እትዬ አፀደም ምራታቸውን ጠርጥረው ሽማግሌ አስጠሩ። አባቷ ጋሽ ተክለጻድቅ ከዋጫ መጡ፤ ጋቢያቸው በዝናብ ረጥቦ ነበር። የነፍስ አባታቸው አባ ገብረሚካኤል ዮናታንን በለሆሳስ ጠየቁት፤ «ልጄ፣ አንተ የምታውቀው ነገር አለ?»

ውባየሁ ዓይን ዓይኑን አየችው። አሁን ይናገራል አለች በልቧ፤ አለቀሰ እኮ፣ ቃል ገባ እኮ። ዮናታን መዳፉን እያየ ነበር።

«እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ አባቴ።»

«የደካውን ንገራቸው እንጂ!» አለች ውባየሁ፤ ድምፁ የሷ አልመስል አላት።

እትዬ አፀደ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ልጄን ደግሞ ልታቆሽሺው? እሱ ላይ ምን አለ? ሰውነቱ ላይ አንዲት ነጥብ የለም! በሽታው ያለው አንቺ ላይ ነው!»

እውነት ነው፣ እሱ ላይ ምንም አይታይም። «ሲስተር ማርቲን ጠይቋት፣ ሳይታይም ይኖራል ብላኛለች» ብላ ለመነች። ማንም ሊጠይቅ አልተነሣም። አባቷ ጋቢያቸውን አጣፉና ፊቷን ሳያዩ «ተነሺ፣ እንሂድ» አሏት።

ሕክምናዋን ዋጫ ጨረሰች። ኪንታሮቱ ረገፈ፣ ቁስሉ ደረቀ። ዳንኩ ብላ የምትነግረው ሰው ግን አልነበራትም። አባቷ የምትሠራውን ይበላሉ እንጂ አያነጋግሯትም።

አንድ ቀን ከሰዓት ሶሲ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች። «አባዬ፣ ነገ ለሴቶች ክትባት አለ!»

«የምን ክትባት?» አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ።

ሶሲ በቅጡ ማስረዳት አልቻለችም። ውባየሁ ከማጀት ብቅ አለች፤ እሳቸውን ካናገረች ስንት ጊዜዋ! ይህችን እንኳ ላድናት ብላ ተጣደፈች። «አባዬ፣ ያስወጓት። ከካንሰርም፣ እኔን ከያዘኝም ይጠብቃታል።»

አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ከሽምግልናው ቀን ወዲህ ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ነበር።

«እሷ እንዳንቺ አይደለችም» አሉ። «መርፌው ለሚያስፈልጋቸው ይሁን።»

በማግስቱ ሶሲ ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ ጓሮ ቡና ልቀሚ ተባለች። ውባየሁም ቅርጫቷን ይዛ አጠገቧ ቆመች። ሶሲ ቀዩን ከአረንጓዴው እየለየች ስትለቅም ቆየችና ዞር አለች።

«ውቤ፣ መርፌው ያመኝ ነበር?»

«ትንሽ» አለቻት ውባየሁ፤ የለቀመችውን ፍሬ ቅርጫቷ ውስጥ ጣለች።