ያየ ሰው

“ያየ ሰው አምጡልኝ ብያለሁ እኮ” አለ ሳጅን ቦጂያ፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ጋደም እያደረገ። “ባለፈው ሳምንትም ያልኩት ይህንኑ ነው። ወይ ፎቶው ያለበት ስልክ፣ ወይ ‘እገሌ ስልክ ላይ አይቻለሁ’ ብሎ የሚፈርም ሰው። ያለዚያ መዝገቡን በምን ልክፈተው?”

 የለንሳ የልብስ ሻንጣ እግሯ ሥር ነው። ዛሬ መዝገብ ካልተከፈተ ከዚሁ ወደ መናኸሪያ፣ ከዚያ ካቺሲ እናትና አባቷ ዘንድ ልትሄድ ቆርጣለች። አምቦ አክስቷ ሽታዬ ቤት ተቀምጣ ሁለት ዓመት የተማረችው ኮሌጅ፣ ለመመረቅ አንድ ዓመት ሲቀራት፣ በቃ ቀረ ማለት ነው።

ነገሩ የተነሳው ከአንዲት ጉርድ ፎቶ ነው። ለንሳ ለኮሌጅ መታወቂያ ልትነሳ ስትል ሽታዬ “ባዶ ጆሮሽን አትነሺ” ብላ፣ ባሏ ጉርሙ ለሰርጋቸው የገዛላትን የወርቅ ጉትቻ አደረገችላት። ፎቶ ቤቱ ውስጥ አንድ የማይታወቅ ሰው ያንን ፊት በኮምፒውተር ቆርጦ የሌላ ሴት ራቁት ገላ ላይ ቀጠለው። ከዚያ በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ እየዞረ ከተማውን አዳረሰ። ተማሪው አየው፣ ባለሱቁ አየው፣ የባጃጅ ሾፌሩ ሳይቀር አየው። ፖሊስ ሲጠይቅ ግን ሁሉም ከስልኩ አጥፍቶ “ሰምቻለሁ እንጂ አላየሁም” አለ። ለንሳ ባለፈች ቁጥር ሲጠቋቆም የከረመ ሰው፣ ምስክርነት ሲባል ዓይኑ ታወረ።

“የፎቶ ቤቱ ባለቤትስ?” አለች አብራት የመጣችው ሽታዬ።

“ካደ። ‘ኮምፒውተሬን ስንት ሰው ይነካዋል’ ነው የሚለው።” ሳጅኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አዴ ሽታዬ፣ እኛ ዘንድ ለኮምፒውተር ወንጀል የተለየ ክፍል የለም። የምከፍተው በስም ማጥፋት ነው፤ እሱ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል። አንድ ስልክ ብቻ ስጡኝ። ባለቤቱን ማን ላከልህ እለዋለሁ፣ ያንንም ማን ላከልህ እያልኩ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። እኔም የእሷ እኩያ ልጅ አለችኝ።”

ሽታዬ መሬት መሬት አየች። አላየሁም ካሉት አንዷ እሷ ነበረች።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ ባሏ ጉርሙ ገላውን ሲታጠብ ስልኩ ጠራ። ልታነሳው ስትል ጥሪው ተቋረጠና፣ ቀድሞ ተከፍቶ የነበረው ፎቶ ብቅ አለ። መጀመሪያ የለየችው ጉትቻዋን ነው፤ ቀጥሎ የእህቷን ልጅ። ስልኩን እንደነበረ መልሳ ምሳ አቀረበች። ለለንሳም ስለ ፎቶው “ሰው ነገረኝ” አለቻት። ጉርሙ ሰው ለዕርቅ የሚጠራው የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ፎቶውን እሱ አልሠራውም፤ ግን አላጠፋውም፣ አልተናገረምም። ይባስ ብሎ ማዕድ ላይ “ፖሊስ ጣቢያ መመላለስ ወሬ ማብዛት ነው፤ እንጸልይ፣ ያልፋል” ይላል። ሽታዬ ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ኖራለች። ሦስት ልጆች ወልዳለታለች። እሱን አዋርዳ የት ትገባለች? ይህን እያሰላሰለች ዝም አለች፤ በዝምታዋም አፈረች።

“በቃ፣ አክስቴ፣ ተይው” አለች ለንሳ፣ ሻንጣዋን ይዛ እየተነሳች። “ሳጅን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።”

ምንም ላልሆነላት ነገር ማመስገኗ የሽታዬን አንጀት በላው።

“ቁጭ በይ” አለቻት። ወደ ሳጅኑ ዞረች። “ጻፉ። እኔ አይቻለሁ።”

“ማን ስልክ ላይ?”

“ጉርሙ ነጋሳ።”

ሳጅኑ ሁለት ፊደል ጽፎ ቆመ። “የእህል ነጋዴው ኦቦ ጉርሙ? የእርስዎ…”

“ባሌ ነው። ስልኩ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው። ቶሎ ካልደረሳችሁ እንደሌሎቹ ያጠፋዋል።”

“አዴ ሽታዬ፣ ይህ ከተጻፈ በኋላ የሚመለሱት እዚያው ቤት ነው። አስበውበታል?”

“ሦስት ሳምንት አሰብኩበት።”

ለንሳ ሻንጣዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

“ትናንት እራት ላይ አጉርሰውኛል እኮ” አለች ቀስ ብላ። “‘አይዞሽ ልጄ’ ብለው።”

 ሽታዬ “ይቅር በይኝ” ልትል አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። ሳጅኑ ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን ገፋ አደረገላት፤ ፈረመች። ከዚያ ሁለቱንም ጉትቻ ከጆሮዋ አውልቃ ፊርማዋ አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

“ይህም ከማስረጃው ጋር ይያዝ” አለች። “ፎቶው ላይ ያለው ይሄ ነው።”

ሳጅኑ ፖስታ ሊፈልግ መሳቢያውን ከፈተ።