የግራው ግድግዳ

ሰውየው ጡረታ ከወጣ ወዲህ በቤቱ ዕቃ መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ የሚስቱ የጥፍር ቀለም ጠፋ፤ ያ ውሃ የሚመስለው። ቀጥሎ የሬዲዮው ማዳመጫ ገመዱ ተቆርጦ ተገኘ። የግፊት ክኒኖቿ ሳይቀሩ ከብልጭልጭ ማሸጊያቸው ወጥተው ስኒ ውስጥ ተከምረው አገኘቻቸው። ሌባው ሩቅ አልነበረም። ከማድቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ በማጉያ መነጽር ላይ አቀርቅሮ፣ ርዝመቷ ከክንድ የማይበልጥ ተዋጊ አውሮፕላን ይሠራል።

«ሚሊ» ይሉታል፤ ሚሊሜትር ለማለት ነው። በወጣትነቱ አየር ኃይል ሲሠራ የወጣለት ስም ነው። ሌላው «ይበቃል» ሲል እሱ «ትንሽ ይቀረዋል» ይላል! ሥራው መሰላል ማቆም፣ መስታወት መወልወልና አብራሪውን ወንበሩ ላይ በቀበቶ ማሰር ነበር። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን አብራሪ ከመነሣቱ በፊት በቅርብ የሚያየው የመጨረሻው ፊት የሚሊ ነበር፤ ይህን እሱም አይረሳም፣ ሌላውም እንዲረሳ አይፈቅድም።

የትንሿን አውሮፕላን አካል የገዛው ከሱቅ ነው። ውስጧን ሲያይ ግን ሊታመም ምንም አልቀረው። ወንበር ብለው የሰጡት የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ ይመስላል፤ የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ደግሞ የሚለጠፍ ወረቀት ነው። «ይኼን የሠራ ሰው አውሮፕላን በዓይኑ አላየም!» ብሎ ሁሉንም በምላጭ ፍቆ ጣለና ከባዶ ጀመረ። ቀበቶውን ከክኒን ማሸጊያ ቆረጠ፤ ዘለበቱን ከማዳመጫው የመዳብ ሽቦ ጠመዘዘ። ፕላስቲክ በሻማ አሙቆ እንደ ፀጉር እስኪቀጥን ሳበና ማብሪያ ማጥፊያዎቹን ከእሱ ከረከመ። የሰሌዳው ጠቋሚዎች ላይ የጥፍር ቀለሙን በመርፌ ጫፍ ሲያንጠባጥብባቸው እንደ እውነተኛ መስታወት አበሩ። የቀኙ ግድግዳ ሲያልቅ ሚስቱን ጠርቶ አሳያት።

«የታለ?» አለች።

«በመነጽሩ እዪው እንጂ!»

አየች። ብዙ አየች። «ያምራል» አለች በመጨረሻ። «የቁምሳጥኔን እጀታ ለመጠገን ግን ስንት ዓመት ጊዜ አጣህ።»

የቸገረው የግራው ግድግዳ ነው። መሰላሉ የሚቆመው በአውሮፕላኑ ግራ ስለነበር ሚሊ ዘንበል ብሎ ቀበቶ ሲያስር ከፊቱ የሚገጥመው የቀኙ ግድግዳ ነው። የግራው ከደረቱ ሥር ይውላል። ያን ሁሉ ዓመት ላዩ ላይ ተደፍቶ ከእጀታዎቹ አናት በቀር ያየው ነገር የለም። ወንበሩ ላይ መቀመጥ ለእሱ ቢጤ ክልክል ነበር፤ ካሜራ ይዞ ግቢው መግባትም ክልክል ነበር። አውሮፕላኑ ራሱ ተቆራርጦ ቁርጥራጭ ብረት ከሆነ ቆይቷል።

«አንድ ነገር ለጥፍበትና ዝጋው። ማን ሊያየው ነው?» አለች ሚስቱ።

«እኔ።»

«እንግዲያው ደውልለት።»

ስም አልጠራችም፤ መጥራትም አላስፈለጋት። ያን አውሮፕላን ያበርር የነበረው የሚሊ ታናሽ እህት ባል ነው። ሚሊ ራሱ ነው ያስተዋወቃቸው፤ በዚህም ሲኩራራ ኖሯል። እህቱ ታማ ስትሞት ሁለቱ ወንዶች ተቃቅፈው አለቀሱ። ሰውየው ግን ዓመት ሳይሞላ ሌላ ሴት አገባ። «አፈሯ እንኳ ሳይደርቅ!» አለ ሚሊ፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያየው ወደ ማዶ ይሻገራል። ያንገበገበው ማግባቱ ብቻ አልነበረም። እህቱ ተረሳች ብሎ ነው።

ክፍሉ ገባ፣ ወጣ። ባዶውን ግድግዳ በመነጽር አየው። ግድግዳው ምንም አልጨመረለትም። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠርጎ ደወለ።

«ሄሎ፣ ሻምበል? እርስዎ ነዎት?»

«ሚሊ! ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የሆንኩት?»

«ለሥራ ጉዳይ ነው።»

«ጡረታ አልወጣህም እንዴ?»

በማግስቱ ጠዋት መጣ። ያ በር የሚያስጎነብሰው ረጅም ሰው ጎብጦ፣ አሁን በሩ ተርፎት ገባ። የሚሊ ሚስት «ጠፋህ እኮ!» ብትለው «እኔ ነኝ የጠፋሁት?» አላት፤ እሷም ሳቀች። ሚሊ አልሳቀም። ወረቀትና እርሳስ ይዞ «የግራውን ግድግዳ ይንገሩኝ» አለ።

ሻምበል ለማስታወስ ሞከረና አቃተው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ጨፈነና ግራ እጁን አየር ላይ ዘረጋ። እጁ ግን አልረሳም። «ነዳጅ መስጫው እጀታ እዚህ። ከፊቱ የጎማ ማውጫው። ከኋላ፣ በክርኔ በኩል፣ የሬዲዮው ሳጥን» እያለ እጁ ሲሄድ ሚሊ ከኋላው እየተከተለ ሣለ። እጁ ከነዳጅ መስጫው ሥር ገባ። አውራ ጣቱ አንድ ነገር አሸት አደረገና ቆመ።

«እዚያ ምን አለ?»

«ምንም።»

«እጅህ ቆሟል። አንድ ነገር አለ።»

ሻምበል ዓይኑን ገለጠ። «የሹራብ አዝራር» አለ። «ቢጫ።»

ሚሊ እርሳሱን አስቀመጠ። የእህቱ ቢጫ ሹራብ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት፤ ያ መሐሉ ላይ አንድ ጥቁር አዝራር የተሰፋበት። ያኔ ቤተሰቡ በሙሉ ይስቅባት ነበር፤ ዋናው አሿፊ ደግሞ እሱ ነበር። «አዝራር ጠፍቶ ነው?» ሲላት «ያኛው ሥራ ሄዷል» ትለውና ትንከተከታለች። ቀልድ መስሎት ነበር።

«እሷ ናት የሰጠችኝ» አለ ሻምበል። «በሙጫ ለጠፍኩት። ስነሣ እነካዋለሁ፣ ሳርፍ እነካዋለሁ። አንተ እላዬ ላይ ተደፍተህ ቀበቶ ስታስር ከደረትህ ሥር ነበር።»

«አሁንስ የት አለ?»

«ሆስፒታል ስትተኛ ፈልቅቄ አመጣሁትና ሹራቧ ላይ መልሼ ሰፋሁት። እንደ ነገሩ ነው የሰፋሁት። አይታ ‘ጡረታ ወጣ በለኛ’ አለችኝ። ብቻዬን ቤት መግባት አቃተኝ ሚሊ። ረስቻት አይደለም ያገባሁት።»

ሚሊ አፈረ፤ እህቱም ይህ ጎባጣ ሰውዬም ናፈቁት። ሊናገር አፉን ሲከፍት የወጣለት ሌላ ነገር ነው።

«ባለ ስንት ቀዳዳ ነው?»

«ባለ አራት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አውራ ጣቴን ጠይቀው!»

አዝራሩን መሥራት ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ፈጀበት። ከአሸዋ ቅንጣት አትበልጥም። አንዷ በማስነጠስ በረረች፤ አንዷ ጢሙ ውስጥ ገብታ ቀረች። ደህናዋ በወረንጦ ጫፍ ከነዳጅ መስጫው ሥር ስትቀመጥ ሚስቱ ትንፋሿን ይዛ መብራት ታበራለት ነበር።

ሻምበል ሊያይ ሲመጣ አውሮፕላኗ ክዳኗን ከፍታ፣ መሰላሏ ቆሞላት ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ማጉያውን ይዞ ከመሰላሉ በኩል ጎንበስ አለ። ቆየ። አውራ ጣቱ ጠረጴዛው ላይ በዝግታ ይንቀሳቀስ ነበር። ቀና ሲል ግን ፊቱ ግራ ተጋብቷል።

«ሚሊ፣ መሰላሉን በቀኝ ነው ያቆምከው። በግራ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ ሚሊ። «ከዚያ በኩል አዝራሩ አይታይም።»