ልጅ መደብ ከወላጅ መደብ ይወርሳል

የሺዓለም የማትፈራው ነገር አልነበረም። ልጇ ኢተፋ ቡልጋሪያ ኮምፒዩተር ተምሮ አዳማ አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ ጀምሮ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ይወስዱብኛል እያለች ትብሰለሰላለች፤ ሰው ቤት ተሰብስቦ ሲጸልይ ይይዙብኛል ትላለች፤ መቂ ሲሄድ የሽንኩርት ጭነት መኪና ይገለበጥበታል ትላለች። የራሷን ጣት ግን አንድም ቀን ፈርታ አታውቅም። እሷም እዚያው መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች።

ከየወረዳው የሚመጣው የመረጃ ፋይል ዓምዱ አይመሳሰልም። የመቂው ሽንኩርትና ኩንታል ይዞ ይመጣል፣ የዝዋዩ የቦይ ቁጥርና የዘር ዓይነት። ኢተፋ ለእያንዳንዱ ፋይል መረጃውን የሚቀበል የፕሮግራም ክፍል፣ እሱ «ክላስ» የሚለውን፣ በእጁ ሲጽፍ ሳምንት ይፈጅበት ነበር። በ1981 ዓ.ም. ግን የዓምዶቹን ስም የያዘውን የፋይሉን ራስጌ አንብቦ ክላሱን ራሱ የሚጽፍ ፕሮግራም ሠራ። ሁሉም የሚጋሩት በወላጅ ክላስ ይቀመጣል፤ ልጁ ከወላጁ ይወርሳል።

«ቁሌቱ አንድ ነው እማዬ» አላት ሲያስረዳት። «ሥጋ ስትጨምሪበት አንድ ወጥ ነው፣ ምስር ስትጨምሪበት ሌላ።»

ስለ ፕሮግራሙ ሪፖርት በእጁ ጽፎ እንድትመታው ትቶላት ወደ መቂ ሄደ። በሪፖርት ላይ የባዕድ ቃል አይግባ የሚል መመሪያ ነበር። የሺዓለም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ናት፣ በእንግሊዝኛዋም ትኮራለች። ክላስ የሚለውን «ክፍል» ልትል አሰበችና የመኝታ ክፍል መስሎ ታያት። በየስብሰባው የምትሰማው የከበደ ቃል ግን «መደብ» ነው፤ የሠራተኛው መደብ፣ የበዝባዡ መደብ ይባላል። እንዲህ ስትል መታችው፦

«ፕሮግራሙ ያለ ሰው እጅ አዳዲስ መደቦችን ይፈጥራል። ልጅ መደብ የወላጅ መደብን ንብረት ይወርሳል።»

የመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ነገሪ ሳያነብ ፈርሞ ወደ አዲስ አበባ ላከው። በዘጠነኛው ቀን ከአዲስ አበባ ተደወለ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች መጥተው ከመቂ የተመለሰውን ኢተፋን ከኮምፒዩተሩ ክፍል ይዘውት ሄዱ።

አዲስ መደብ ይፈጥራል ተብሎ እንደተያዘ የሺዓለም የሰማችው ከዘበኛው ነው። ቃሉ የእሷ እንደሆነ በእጇ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ነገሪ ቢሮ ገባች። መደብ የተባለው መረጃ የሚቀበል ሣጥን ማለት ነው፣ ሰው አይደለም፣ ንብረት የተባለውም የሽንኩርት ብዛት ነው አለችው። ነገሪ አቋረጣት።

«በዚህ አገር ንብረት የሚወርስ መንግሥት ነው፣ ጓድ የሺዓለም። ሽንኩርት አይወርስም።»

«ልክ ነው ጓድ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ልጄ ክላስ ብሎ ነው የጻፈው።»

መሳቢያውን ስቦ ሌላ ወረቀት አወጣና ከእሷው አጠገብ ዘረጋው። የኢተፋ ቃል ነበር። እናቴ የሰጠኋትን ነው የመታችው፣ መደብ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ይላል። ከሥሩ ፈርሟል።

«አንዳችሁ ትዋሻላችሁ» አለ ነገሪ።

«ልጄ ነው የሚዋሸው» አለች የሺዓለም። ልጇን ውሸታም ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ነገሪ ሁለቱንም ወረቀቶች ደጋግሞ አነበበ። እንደማያምናት አይደለም፤ ማመኑን ዓይኑ ላይ አየችው።

«ከላይ የጠየቁኝ መደብ ፈጣሪው ማነው ብለው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንዲት ታይፒስት ናት ብላቸው ይስቁብኛል። ከሳቁ በኋላ ደግሞ ማነው የፈረመው ይላሉ። ቡልጋሪያ የተማረ ነው ብላቸው ግን፣ ይችላል ይላሉ።»

የእሷን ወረቀት አንሥቶ አራት ቦታ ቀደደው።

ልጇን ወዴት እንደሚወስዱት ጠየቀችው። ለእሱም እንደማይነገረው መለሰላት። የሺዓለም ከወንበሩ አልተነሣችም። ባለጉዳይ በሩን ከፍቶ አያትና መልሶ ዘጋው።

«ይነሡ እንጂ እናቴ» አለ ነገሪ።

አልተነሣችም። ነገሪ የኢተፋን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከቶ፣ ቢሮውን ለእሷ ትቶላት ወጣ።