የማረፊያው ክፍል ጫጫታ

መሰርሰሪያው ግድግዳውን ሲነክስ ዶክተሯ ጥርሷን ነከሰች። ዛሬ ጠዋት የመጡት ነጫጭ አይጦች በየሳጥናቸው ጥግ ተከማችተው ይንቀጠቀጣሉ። እነዚህ እንኳ መጨነቅ የሌለባቸው ናቸው። ለሙከራ ተብለው የሚጨነቁት ከኮሪደሩ ማዶ ናቸው፤ ከእነሱ ግማሾቹ የሚሞከረውን መድኃኒት ይወስዳሉ።

ጭንቀት በአንጎል ውስጥ አዳዲስ ሴሎች እንዳያድጉ ያደርጋል። መድኃኒቱ ያንን ከተከላከለ ድብርት ለሚያሠቃያቸው ሰዎች ተስፋ ነው። ተከላከለ ለማለት ግን ክፉ ነገር ካልደረሰባቸው አይጦች ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ባለፈው ዙር በጫጫታ የተነሳ እንዲህ ያለ አይጥ ታጣ፤ ሁሉም እኩል ደንብሮ ተገኘ። ይኸኛውም ከተበላሸ የምርምር ኮሚቴው ጥናቱን ሊዘጋው ነው።

ወጥታ የሕንፃ ኃላፊውን ያዘችው። ለተጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ስለሆነ እሷ «ይደርሳል» የሚል ስም አውጥታለት ነበር።

«ደግሞ ምንድን ነው የምትሠሩት?»

«አልሰሙም እንዴ ዶክተር? ሠራተኛው ከጭንቀት አረፍ የሚልበት ክፍል ነው። ትራስ ሁሉ አለው።»

«የጭንቀት መድኃኒቱን በጭንቀት ማረፊያ ልትገድልብኝ?»

«አይጥ ደግሞ ምን ያስጨንቃታል? ድመት የላት፣ አማት የላት።»

በሩ ላይ የቆመችው፣ እንስሳቱን የምትንከባከበው ሴትዮ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። ዶክተሯ አልሳቀችም።

«መቼ ያልቃል?»

«ይደርሳል።»

«እንግዲያው ሌላ ክፍል ስጠኝ።»

«ከየት አባቴ ላምጣ? ያለው አንድ ነው፤ የእሱም ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በጠየቅኩዎ ቁጥር ‹ይደርሳል› አሉኝ። ስሙን ግን ለእኔ ሰጡኝ።»

ክፍሉ የባሏ ቢሮ ነበር፤ መድኃኒቱንም የጀመሩት አብረው ነው። ከቀብር መልስ ቆልፋው፣ ዕቃውን ላውጣ እያለች ቀጠሮ ስታራዝም ከርማለች።

ከግድግዳው ወዲያ መሰርሰሪያው እንደገና ተነሳ። ከጋውኗ ኪስ ቁልፉን አወጣች።

«ሳጥኖቹን ያዢና ተከተዪኝ» አለቻት ሴትዮዋን።

ላይኛው ፎቅ፣ የኮሪደሩ መጨረሻ። ቁልፉ ትንሽ አስቸገረ፤ ከዚያ ተከፈተ። የባሏ ሹራብ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሳጥኖቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ።

«ወንበሩንስ ላውጣው፣ እትዬ?» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ። እዚህ «ዶክተር» አላለቻትም።

«ይቆይ።»

«ይደርሳል» እያለከለከ በር ላይ ደረሰ። «አየሩ ይሻላል አይደል? ወደ ፊት እዚህ አንድ መደርደሪያ ብንመታ...»

«እዚህ ግድግዳ ላይ አንዲት ምስማር ብትመታ፣ ከሳጥኑ የምከተው አንተን ነው።»

ወጡላት። በሩን ዘጋችና ጆሮዋን ጣለች። መሰርሰሪያው አይሰማም። አንዷ አይጥ ከጥግ ወጥታ አየሩን አሸተተች። በዚያ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ ሲፈለግ የኖረውን ጸጥታ ለካ ዶክተሯ ራሷ ቆልፋበት ኖሯል።

ሹራቡን አንስታ በክንዷ ይዛ ወጣች።