የጓሮው በር ሽቦ

«ኧረ ይህቺን ጩኸታም አንድ በሏት!» አሉ አክስት፣ የሻዩን ብርጭቆ ጉልበታቸው ላይ እንዳስደገፉ።

ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ያለችው የአላርም ሰሌዳ ጢጥ አለች፤ ትንሽ ዝም፣ እንደገና ጢጥ። አራተኛው ቁጥር ላይ ቀይ መብራት በርቶባታል፤ አራት የጓሮው በር ነው። ከአባትየው ቀብር ወዲህ እንዲሁ ናት። ለቅሶ ደራሽ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ባለ ቁጥር ቀድማ የምትመልሰው እሷ ነች።

«ቆርጬ እጥላታለሁ» አለ የሟቹ ወንድ ልጅ።

«ንካትና እንተያያለን!» አለች እህቱ።

«አሁን ነው ቤትሽ ትዝ ያለሽ? አባባ በሕይወት እያለ የት ነበርሽ?»

እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ እንግዳ ሻዩን እንኳ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚጠጣው።

የት እንደነበረች ጠፍቶት መስሏችሁ ነው? አባታቸው የቤት አላርም የሚገጥም ባለሙያ ነበር፤ እሷ ደግሞ ቀኝ እጁ። የያዘችውን ስለማትለቅ «ፒንሳ» ይላት ነበር። በሽቦው ጫፍ፣ እዚያው በሩ ላይ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሬዚስተር መግጠም ያስተማራት እሱ ነው። የአላርሙ ሳጥን በሽቦው በኩል እሷን ካገኘ በሩ ተዘግቷል ይላል፤ ካጣት ይጮኻል። ሰነፍ ግን በሩ ድረስ መሄድ ይታክተውና ሬዚስተሯን እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ይሰካታል። ያኔ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት ሳጥኑ ምን ተዳው፣ ሰላም ነው ይላል። እንዲህ የሚሠራውን አባቷ «የሌባ ሚዜ» ነበር የሚለው።

አንድ ቀን ፒንሳ ቸኮለች። አንድ በር ነው፣ ማን ያየኛል ብላ ሳጥኑ ውስጥ ሰካቻት። ያን ቤት ሌባ ገባበት። አባቷ ደንበኛው ፊት ትንፍሽ አላለም፤ የፈነዳው ቤት ሲደርሱ ነው።

«ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ!»

ቦርሳዋን ከነጓሮው በር ቁልፍ ይዛ ወጣች። ይቅርታ ልትጠይቅ ደወለች፤ አላነሳም። ደግማ አልደወለችም። እልኸኛ ከእልኸኛ ተወልዶ ምን ይጠበቃል?

«በአንዲት ሬዚስተር ልጁን የሸጠ!» ስትል ኖረች። አሁን ይቅር ይበላት አይበላት ሳትሰማ ሞተባት። የሚያንገበግባት ይኸው ነው፤ አስከሬኑ ፊት እንኳ ከእንባው ንዴቱ ቀድሟታል።

ብድግ አለችና የአባቷን ቴስተርና ካቻቢቴ ከመሳቢያው አወጣች።

«በለቅሶ ቤት ጥገና?» አሉ አክስት።

«እሱ ቢሆን ተበላሽቶ አያሳድረውም ነበር።»

ዕቃ ቤት ገብታ የአላርሙን ሳጥን ከፈተች። ወንድሟ ከኋላዋ ቆመ። የአራተኛው ቁጥር ሁለት ሽቦዎች ከቦታቸው የሉም፤ ታጥፈው፣ በናስትሮ ተጠቅልለው ጥግ ተሸጉጠዋል። ናስትሮው አቧራ ጠጥቶ ደርቋል። በቦታቸው አንዲት ሬዚስተር በአንድ እግሯ ተንጠልጥላለች።

«ባትሪውን ስቀይር እጄ የሆነ ነገር ነክቶ ነበር» አለ ወንድሟ።

እሷ ግን አልሰማችውም። ሬዚስተር፣ ሳጥኑ ውስጥ፣ በአባቷ ቤት! እግሯ ሁለቴ ተጠምዟል፤ እንዲያ የሚጠመዝዝ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«አስመሳይ! እኔን አባሮ እሱ...»

ቢሆንም «ሳትለኪ አትክሰሺ» ይላት ነበርና ናስትሮውን ልጣ ሽቦውን ለካች። ልክ ነው። ወንድሟን ልካ የጓሮውን በር አስከፈተች፤ የቴስተሩ ንባብ ጠፋ። አስዘጋች፤ ተመለሰ። ሽቦው ጤነኛ፣ ማግኔቱ ጤነኛ፣ በሩ ላይ ያለችው ሬዚስተርም ጤነኛ።

«ምንም ሳይሆን ለምን ፈታው?»

«አንቺ በሄድሽ ሳምንት ነው» አለች እናቷ ከዕቃ ቤቱ በር ላይ። «‹የጓሮው ቁልፍ እሷ ጋ ነው። ማታ ብትመጣ ሳይረኑ ይጮህባታል፣ ጎረቤት ይወጣል፣ አፍራ ትመለሳለች› አለኝ። ሌላውን በር ሁሉ አጥምዶ ያቺን አንዷን በር ትቷት ይተኛ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስምሎኝ!»

«ቤቱን ለሌባ ከፍቶ መተኛት አላቃተው፣ ስልክ ማንሳት አቃተው?» ካቻቢቴውን ግድግዳው ላይ ወረወረችው። «ምን ዓይነት ሰው ነው? ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነው!»

ካቻቢቴውን ራሷ አነሣችው። ሬዚስተሯን ነቅላ ጨበጠቻት፤ ሁለቱን ሽቦዎች በቦታቸው አሰረች። ጩኸቱ ቆመ። ከእንግዲህ ሰሌዳዋ ጢጥ የምትለው በር ሲከፈት ነው፤ እሱም አንዴ ብቻ።

ቦርሳዋን አንሥታ በፊት ለፊቱ በር ወጣች፣ ቤቱን ዞረች፣ የጓሮውን በር በዚያው ይዛው በኖረችው ቁልፍ ከፈተች።

ጢጥ አለች ሰሌዳዋ።

«እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች ፒንሳ ወደ ውስጥ። «እኔ ነኝ እኮ!»

ገብታ በሩን ዘጋችና፣ አባቷ ከመተኛቱ በፊት ያደርግ እንደነበረው፣ መዘጋቱን በመዳፏ ገፋ አድርጋ ሞከረችው።